«መድኃኒት ላይ ነኝ»፤ የትኛው መድኃኒት?

አርብ ማታ አየር ጤና አደባባይ ዙሪያ ያሉት ሥጋ ቤቶችና ግሮሰሪዎች ሲሞሉ፣ ጠረጴዛ ከበው ከተቀመጡት አንዱ ብርጭቆውን በመዳፉ ከድኖ «መድኃኒት ላይ ነኝ» ማለቱ አይቀርም። ክርክሩ እዚያው ያበቃል። «ደክሞኛል» ያለ ይለመናል፤ «ነገ ሥራ አለብኝ» ያለ ይሾፍበታል፤ «ጨጓራዬን አሞኛል» ላለው ደግሞ ጨጓራ ያሽራል የተባለ አረቄ ይታዘዝለታል። መድኃኒት ላይ ያለውን ግን የሚጎተጉት የለም፤ «እንዴ፣ ተው ተው!» ተብሎ አምቦ ውኃ ይመጣለታል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል «የትኛው መድኃኒት?» ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። ቁም ነገሩ ያለው ግን እሱ ላይ ነው፤ አንቲባዮቲክ ሁሉ ከመጠጥ ጋር እኩል አይጣላምና።

እንዲያውም ብዙዎቹ ጭራሽ ጠብ የላቸውም። ለጉሮሮና ለጥርስ የሚታዘዘው አሞክሳሲሊን፣ ሦስት ቀን ተውጦ የሚያበቃው አዚትሮማይሲን፣ እንዲሁም ሲፕሮፍሎክሳሲን በአንድ ሁለት ቢራ ኃይላቸው አይከሽፍም፤ ወደ መርዝነትም አይለወጡም። ለአሞክሳሲሊን ምክንያቱ ቀላል ነው። አልኮልን የሚያብላላው ጉበት ነው፤ የፔኒሲሊን ቤተሰብ ግን በአብዛኛው ሳይነካካ በኩላሊት አልፎ ከሽንት ጋር ይወጣል። ምን ያህል ሳይነካ እንደሚወጣ ለማወቅ አልበርት አሌክሳንደር የሚባለውን የኦክስፎርድ ፖሊስ ታሪክ አስታውሱ። በ1941 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፔኒሲሊን ከተወጉት የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን አንዱ ነበር። በዓለም ላይ ያለው ፔኒሲሊን በጣም ጥቂት ስለነበር ሐኪሞቹ ሽንቱን እየሰበሰቡ፣ መድኃኒቱን ከውስጡ እያወጡ መልሰው ወጉት። ሰውየው ማገገም ጀምሮ ነበር፤ ኋላ ግን ፔኒሲሊኑ አለቀና ሞተ።

ይህ ማለት የታመመ ሰው ይጠጣ ማለት አይደለም። መጠጥ ሰውነትን ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያውካል፣ ሆድ ይረብሻል። አንቲባዮቲኩም ሆድ ስለሚረብሽ ሁለቱ ሲደረቡ የትኛው እንዳስታወከን ማወቅ ያቅታል። ዶክሲሳይክሊን ደግሞ ለየት ይላል፤ ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው ጉበት መድኃኒቱን ቶሎ እያስወገደ የሚሠራበትን ጊዜ ያሳጥርበታል። ያም ሆኖ «መድኃኒቱ ከመጠጥ ጋር አይሠራም» የሚለው እምነት ከመረጃው እጅግ የገነነ ነው። እኛ ዘንድ ብቻም አይደለም፤ በ2008 በታተመ የለንደን ጥናት አንድ የአባላዘር ክሊኒክ ከ300 በላይ ታካሚዎቹን ጠይቆ ከአምስቱ አራቱ ያህል «አልኮል አንቲባዮቲክን ያከሽፋል» ብለው መልሰዋል።

አሁን ወደ ዋናው ተከሳሽ እንምጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ሆዱን ቆርጦት፣ ሰገራውን አስመርምሮ፣ «አሜባ» ወይም «ጃርዲያ» የሚል ወረቀት ያልያዘ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። የሚታዘዘው ደግሞ ሜትሮኒዳዞል ነው፤ ብዙዎቻችን የምናውቀው ፍላጂል በሚለው ስሙ። አለዚያም ታናሽ ወንድሙ ቲኒዳዞል ነው። ፋርማሲስቷ የክኒኑን ፓኬት ስታቀብል «መጠጥ እንዳትነካ» የምትለውም ይበልጡን በእነዚህ ሁለቱ ነው። ምክንያቱን ለማየት ቢራው ሆድ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን እንከተለው።

ጉበት አልኮልን የሚፈታው በሁለት እርምጃ ነው። በመጀመሪያው አልኮሉ አሴታልዴሃይድ ወደሚባል መርዛማ ነገር ይለወጣል፤ በሁለተኛው አሴታልዴሃይዱ ጉዳት ወደማያደርስ አሴቴት። ሁለተኛው እርምጃ ፈጣን ስለሆነ መርዙ አይጠራቀምም። ይህን ሁለተኛ እርምጃ የሚዘጋ መድኃኒት ቢኖርስ? አመሻሽ ላይ አየር ጤና የታክሲ ተራ ሰው እየጎረፈ ታክሲ ሲጠፋ ማለት ነው፤ ገቢው አላቆመም፣ ወጪው ቆሟል። አሴታልዴሃይድ በደም ውስጥ ሲከማች ፊት ይቀላል፣ ልብ ይደልቃል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ሆድ ይገለበጣል፣ ትውከቱ አያድርስ ነው።

ይህን ጉድ ሆን ብሎ የሚያደርግ መድኃኒት በእርግጥ አለ፤ ዳይሰልፊራም ይባላል። የተገኘበት መንገድ ለእኛ ለጥሬ ሥጋ ወዳጆች ቅርብ ነው። ዴንማርካውያኑ የንስ ሃልድና ኤሪክ ያኮብሰን ነገሩን ሲሞክሩ የነበረው ለአንጀት ትል መድኃኒትነት ነበር፤ ኮሶ እንደማለት። ጉዳት እንዳለው ለማወቅ ራሳቸው ዋጡት። ምንም አልሆኑም፤ መጠጥ እስኪቀምሱ ድረስ! በ1948 ግኝታቸውን አሳተሙ፤ የትል መድኃኒት ሊሆን የነበረው ነገር መጠጥ ማስተዊያ ሆኖ ቀረ።

የፍላጂል ክስ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በ1964 ጆአን ቴይለር የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም፣ ሜትሮኒዳዞል የወሰዱ ጠጪዎች የመጠጥ አምሮታቸው እንደቀነሰ፣ መጠጡም እንዳልተስማማቸው ጻፈች። ወዲያው «ይህም እንደ ዳይሰልፊራም ነው» ተባለ። ሱሰኞች ላይ ቢሞከርም በተከታዮቹ ጥናቶች የተባለው ጥቅም ሳይረጋገጥ ቀረ። ማስጠንቀቂያው ግን በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ታትሞ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እዚህ ደረሰ። የታመሙ ሰዎች ወሬ በየጊዜው በሕክምና መጽሔቶች ይወጣ ነበር፤ አንዳንዱ ግን ብዙ ሌላ መድኃኒት የወሰደ፣ አንዳንዱም መጠጡ ብቻ ሊያስታውከው የሚችል ሰው ነበር።

በ2002 የፊንላንድ ተመራማሪዎች ነገሩን ፊት ለፊት ፈተኑት። 12 ጤነኛ ወንዶች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ለአምስት ቀን ሜትሮኒዳዞል፣ ግማሾቹ ምንም የሌለው ክኒን ወሰዱ፤ ከዚያ ሁሉም አልኮል ተሰጣቸው። በደማቸው ውስጥ ያለው አሴታልዴሃይድ አልጨመረም፣ የልብ ምታቸውም አልተለየም። 12 ሰው ጥቂት ነው፤ ጤነኛ ሰውም እንደ በሽተኛ አይደለም። ቢሆንም ወሬውን በደም ምርመራ ለመለካት የደፈረ ሥራ በመሆኑ ክብደት አለው። በ2021 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ በአባላዘር በሽታዎች ሕክምና መመሪያው ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል ሲወሰድ ከመጠጥ መታቀብ አስፈላጊ አይደለም ብሎ ጻፈ። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ግን ይህን አልተቀበለም፤ ሜትሮኒዳዞል እየተወሰደና ካለቀ በኋላ ሁለት ቀን፣ ለቲኒዳዞል ሦስት ቀን አትጠጡ ይላል።

ሁለትና ሦስት ቀን ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከሒሳብ ነው። ሜትሮኒዳዞል በደም ውስጥ በየስምንት ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። አምስት ጊዜ ሲጋመስ፣ ማለትም በ40 ሰዓት፣ የሚቀረው ከመቶ ሦስት እጅ ገደማ ነው። ቲኒዳዞል የሚጋመሰው በ12 ወይም በ14 ሰዓት ስለሆነ 65 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ነገሩን ሲደርሱበት ያዝናናል፤ አዚትሮማይሲን ሦስት ቀን ውጦ «ጨረስኩ» ብሎ በአራተኛው ቀን ብርጭቆ የሚያነሳ ሰው መድኃኒቱን ገና በሰውነቱ ይዞት ይዞራል፤ የእሱ መጋመሻ ሦስት ቀን ሊሞላ ምንም አይቀረውምና።

እኔን ከጠየቃችሁኝ በፍላጂል ጉዳይ ከእንግሊዞቹ ጎን ነኝ፤ ግን በፍርሃት አይደለም። አሜባ ወይም ጃርዲያ የያዘው ሰው ሆዱ ቀድሞውኑ ታምሷል፤ ፍላጂል ራሱ ያቅለሸልሻል፣ አፍ ላይ የብረት ጣዕም ይተዋል። አንድ ሳምንት ባይጠጣ ምን ይጎድልበታል? በሌላ በኩል በስህተት ከምሳ ጋር ጠላ የቀመሰች፣ ወይም አልኮል ያለበት የሳል ሽሮፕ የጠጣች እናት «ልሞት ነው» ብላ ሌሊቱን ሙሉ እንድትጨነቅ የሚያደርግ መረጃ የለም። ለሆድ ቁርጠት ካቲካላ ከነጭ ሽንኩርት ጋር የሚያዙት የሰፈር ሐኪሞች ግን ፍላጂል ለያዘ ሰው ቢተውት መልካም ነው፤ አረቄ እንደ ቢራ አይደለም፣ ከመቶ 40 እጅና ከዚያ በላይ አልኮል ሊሆን ይችላል።

ከመቀላቀሉ ይልቅ የሚያሰጋኝ ሌላ ነው፤ ለመጠጡ ሲባል የሚዘለለው ክኒን። ቅዳሜ ሠርግ አለ፣ እሑድ ማኅበር አለ። ሰውየው «መድኃኒትና መጠጥ አይቀላቀልም» የሚለውን በደንብ ያውቃል። ስለዚህ ምን ያደርጋል? መጠጡን አይተውም፤ ክኒኑን ይተዋል! ጥንቃቄ ያደረገም ይመስለዋል። አሞክሳሲሊን ደግሞ በየአንድ ሰዓቱ ገደማ የሚጋመስ መድኃኒት ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጠው ለዚህ ነው። ባክቴሪያውን የሚገድለው በደም ውስጥ በቂ ሆኖ በሚቆይበት ሰዓት ርዝመት ነው እንጂ አንድ ጊዜ ብዙ በመሆን አይደለም። የማታውንና የጠዋቱን የዘለለ ሰው ለባክቴሪያው አንድ ሙሉ ቀን ማረፊያ ሰጠው ማለት ነው። ከሠርጉ ሁለት ብርጭቆ ይልቅ የሚጎዳው ይኸው ነው። ሴዝ ካሊችማን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ተጠቃሚዎች ላይ ይህንኑ አይተዋል፤ መድኃኒትና አልኮል ሲገናኙ መርዝ ይሆናሉ ብለው የሚያምኑት፣ በሚጠጡበት ቀን መድኃኒታቸውን ይበልጥ ይዘልሉ ነበር።

አንድ ቦታ ላይ ግን ይህን ሁሉ ማለሳለስ እተዋለሁ። ከአየር ጤና ወደ ሳር ቤት በሚወስደው መንገድ፣ ዘነበወርቅ ላይ ያለውን አለርት ሆስፒታል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ተቋቁሞ፣ በ1970 የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በግቢው ተጨምሮበት፣ በሥጋ ደዌና በቲቢ ስሙ የታወቀ ቦታ ነው። የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ሰው «አንዲት ብርጭቆ» የለችውም። ሕክምናው በተለመደው መልኩ ስድስት ወር ነው፤ ሁለት ወር አራት መድኃኒት በአንድ ክኒን ተዋህዶ፣ ከዚያ አራት ወር ሁለቱ። ከአራቱ ሦስቱ፣ አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ፣ ራሳቸው ጉበት የሚጎዱ ናቸው። በዚያ ላይ መጠጥ ሲደረብ የጉበት መቆጣት ዕድሉ ይጨምራል፤ አይሶናያዚድ የሚያመጣው የእግር መደንዘዝም በጠጪ ላይ ይበረታል። ለስድስት ወር ሙሉ መታቀብ ከባድ እንደሆነ አይጠፋኝም። ለዚህም ነው መጠጥ የለመደ ሰው ይህን ገና ሲጀምር ለጤና ባለሙያው መናገር ያለበት፤ ክትትሉ ይጠብቅለታልና።

የቲቢ ታካሚ ያላችሁ አንድ ነገር ያዙልኝ። ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካንማ ቀይ ያደርጋል፤ ይህ የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ አያስደነግጥም። ሽንቱ እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ፣ ነጭ የዓይን ክፍል ቢጫ ከሆነ፣ የምግብ ፍላጎት ከጠፋና ማስታወክ ከመጣ ግን ጉበቱ ነውና በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ሌላም አለ፤ መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሊኔዞሊድ። እሱ የሚጣላው ከአልኮሉ ጋር ሳይሆን በድራፍት ቢራና ረጅም ጊዜ በበሰለ አይብ ውስጥ ካለ ታይራሚን ከተባለ ነገር ጋር ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ የደም ግፊት በድንገት ይወጣል።

እስካሁን ሁሉም የጠየቀው ስለ መጠጡ ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚውጥ ሰው ግን መጠየቅ ያለበት ስለ ወተቱና ስለ ቡናው ነበር። በወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም መድኃኒቱን አንጀት ውስጥ ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ከወተትና ከእርጎ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት አዘግይቶ መዋጥ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ሲፕሮ ጉበት ካፌይንን የሚያስወግድበትን ኢንዛይም ያዳክማል። ጠዋት ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጦ ማታ ልቡ የሚደልቅበትና እንቅልፍ እምቢ የሚለው የሲፕሮ ታካሚ፣ የጠዋቱ ቡና ገና አልወጣለትም፤ ክኒኑ እስኪያልቅ ከአቦሏ ባያልፍ ይሻለዋል።