የኢንተራፕት መስመር ግጭትና መፍትሔው

አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ሊኑክስ ተጭኖ የድምፅ ወይም የኔትዎርክ ካርዱ በድንገት ሥራ ሲያቆም፣ ተበላሽቷል ብሎ ካለችን ጥቂት ገንዘብ ሌላ ለመግዛት መቸኮል አይገባም።

በመሠረቱ እያንዳንዱ ካርድ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት ኢንተራፕት የተባለ መስመር አለው። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ኤቲ የነበሩት መስመሮች 16 ብቻ ናቸው። የቆዩት የአይኤስኤ ካርዶች አንድ መስመር መጋራት አይሆንላቸውም፤ የፒሲአይ ካርዶች ግን ይጋራሉ። ሆኖም ከ100,000 ጥሪ ከ99,900 በላዩ ተቀባይ ካጣ ከርነሉ መስመሩን ይዘጋዋል፤ ያን ጊዜ ጤነኛውም ካርድ አብሮ ይቆማል።

ስለዚህም፦
1ኛ/ በ«ፕሮክ» ማውጫ ውስጥ «ኢንተራፕትስ» የተባለውን ፋይል ከፍቶ በአንድ ቁጥር የተጋሩትን መለየት፤
2ኛ/ ካርዱን ወደ ሌላ መሰኪያ ማዛወር፤
3ኛ/ የማያገለግለውን ወደብ ከባዮስ መዝጋት።

ይህ ሁሉ ምንም ወጪ አይጠይቅም።