የኮምፒዩተርን ገጽ በጂፍ ስለ መቅረጽ
አንድ ተጨማሪ የትምህርት መርጃ መሣሪያ

የትምህርት መርጃ መሣሪያ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ካርታን፣ ቻርትን፣ ከጭቃና ከካርቶን የሚሠሩ ሞዴሎችን ነው። እነዚህ ዛሬም ቦታቸውን አልለቀቁም። ይሁን እንጂ የኮምፒዩተር አጠቃቀምን ለማስተማር ስንነሳ ቻርቱ አንድ ጉድለት ያሳያል፤ ይኸውም እንቅስቃሴን ለማሳየት አለመቻሉ ነው። «ጥጉን ያዙና ወደ ታች ጎትቱ» የሚለውን መመሪያ የቱንም ያህል አሳምረን ብንጽፈው፣ ሲደረግ አይቶ ለማያውቅ ሰው እንቆቅልሽ ነው።

በኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ የሚሆነውን መቼም ሁላችንም እናውቀዋለን። መምህሩ ከፊት ሆኖ ያሳያል፤ በአንድ ማሽን ዙሪያ ሦስት አራት ሠልጣኝ ይሰበሰባል። ማውዙን የያዘው ይከተላል፤ ከኋላ የቆመው ግን ሁለተኛው እርምጃ ላይ ያመልጠዋል። «ይደገምልኝ» ለማለት የሚደፍር ጥቂት ነው። ይህ ሠልጣኝ ነገ ተመርቆ ሲወጣ፣ የሚጠይቀው ሰው በሌለበት ትምህርት ቤት የክፍሉን ሮስተር በኮምፒዩተር ሥራ ይባላል። ያን ጊዜ ምን ይዋጠው? ይህን ክፍተት በመጠኑም ቢሆን ለመሙላት የሚረዳን አንዱ ዘዴ፣ በኮምፒዩተሩ ገጽ ላይ የሚደረገውን እየቀረጹ በጂፍ ማስቀመጥ ነው።

ጂፍ ምንድን ነው?

ጂፍ የሥዕል ፋይል ዓይነት ነው። ያወጣው ኮምፒዩሰርቭ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1987 ነበር። በ1989 በተሻሻለው እትም በአንድ ፋይል ውስጥ ያሉት ሥዕሎች እያንዳንዳቸው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚታዩ መወሰን ተቻለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ኔትስኬፕ የተባለው የኢንተርኔት ማሰሻ፣ ሥዕሎቹ መጨረሻ ሲደርሱ እንደገና ከመጀመሪያው እንዲነሱ የሚያደርግ ትእዛዝ ጨመረበት።

አሠራሩ ልጆች በደብተር ጥግ ላይ ተከታታይ ሥዕል ሥለው በአውራ ጣት እየገለበጡ ከሚጫወቱት ጨዋታ አይለይም። ሥዕሎቹ ፍሬም ይባላሉ።

ጂፍ ሁለት ገደቦች አሉት። አንደኛ፣ ድምፅ የለውም። ሁለተኛ፣ አንድ ፍሬም መያዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ቀለም ነው። ለፎቶግራፍና ለፊልም ይህ አይበቃም፤ ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ግን ከበቂ በላይ ነው። ደግሞም አንድ ዓይነት ቀለም ጎን ለጎን ሲደጋገም ፋይሉ እያንዳንዱን ነጥብ ነጥሎ አይጽፍም፤ ድግግሞሹን በአጭር ምልክት ይተካዋል። ስለዚህ ነጭ ገጽ ላይ ያለ ጥቁር ጽሑፍ ትንሽ ፋይል ይወጣዋል፤ አበባና ተራራ የሞላበት የጀርባ ሥዕል ግን ፋይሉን ያሳብጠዋል።

በምን ይቀረጻል?

ለዊንዶውስ ስክሪንቱጂፍ፣ ለዊንዶውስም ለማክም ላይስካፕ የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ሁለቱም ለቀረጻ መሐሉ ባዶ የሆነ የመስኮት ፍሬም ያወጣሉ፤ በዚያ ፍሬም ውስጥ የሚታየው ብቻ ይቀረጻል። ላይስካፕ ቀለል ያለ ነው፤ የፋይሉን ስም አስቀድሞ ጠይቆ ወዲያው ይቀርጻል። ስክሪንቱጂፍ ደግሞ ቀረጻው ሲያበቃ የማረሚያ ገጽ ይከፍትልናል፤ እዚያ የማያስፈልጉትን ፍሬሞች መሰረዝ፣ ጽሑፍ መጨመርና ፍጥነቱን ማስተካከል ይቻላል።

ለምሳሌ ያህል በኤክሴል የተማሪዎችን ድምር ማስላትን እንውሰድ።

፩. የመጀመሪያውን ተማሪ ድምር አስቀድመን እናስላው። ጂፉ የሚያሳየው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ ያንን ስሌት ለሌሎቹ ተማሪዎች እንዴት እንደምናወርደው።

፪. የኤክሴሉን መስኮት እናሳንስ፤ ፊደሉን እናጉላ። የቀረጻውን ፍሬም ከሠንጠረዡ ጋር እናስተካክል።

፫. ከመቅረጻችን በፊት ሁለት ጊዜ እንለማመድ። ጠቋሚው ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ተመልካቹ የትኛውን እንደሚከተል ግራ ይገባዋል።

፬. ቀረጻውን ጀምረን ጠቋሚውን ድምሩ ካለበት ሳጥን በስተቀኝ ታችኛ ጥግ፣ ትንሿ ካሬ ላይ እናሳርፍ። ጠቋሚው ቀጭን ጥቁር መስቀል ሲሆን አንድ አፍታ እንቆይ። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ጥጉን ሳይሆን ጠርዙን ይዞ የጎተተ ሰው ስሌቱን ከቦታው ያነሳዋል እንጂ አይገለብጠውም።

፭. እስከ መጨረሻው ተማሪ ድረስ ቀስ ብለን እንጎትት፤ እንልቀቅ፤ እናቁም። የመጨረሻው ፍሬም 3 ሴኮንድ ያህል እንዲቆይ እናድርግ፤ አለዚያ ውጤቱ ሳይታይ ጂፉ ተመልሶ ይጀምራል።

ፋይሉ እንዳይከብድ

ነገሩ የሒሳብ ነው። 1366 በ768 የሆነ ሙሉ ገጽ 1,049,088 ነጥብ አለው፤ 600 በ400 የሆነ ቁራጭ ግን 240,000 ብቻ፣ ማለትም ከሩብ በታች። በሴኮንድ 10 ፍሬም እያነሳን 12 ሴኮንድ ብንቀርጽ 120 ፍሬም ይሆናል፤ በሴኮንድ 5 ብናደርገው ወደ 60 ይወርዳል። ለጠቋሚ እንቅስቃሴ ከ5 እስከ 10 ይበቃል። ካርድ ገዝቶ በስልኩ ለሚያወርድ ሠልጣኝ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ጥንቃቄ

የእውነተኛ ተማሪዎች ስምና ውጤት ያለበትን ሮስተር መቅረጽ ፈጽሞ አይገባም። ጂፍ አንዴ ከተላከ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል፤ ተመልሶ አይሰበሰብም። «ተማሪ 1፣ ተማሪ 2» እያልን ለልምምድ የሚሆን ሠንጠረዥ እንሥራ። መልእክት የሚያሳዩ ፕሮግራሞችንም እንዝጋ፤ በቀረጻ መሐል የግል ወሬ ብቅ ሊል ይችላላ!

ጂፍ ለሁሉም ነገር አይሆንም። አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቪዲዮ መሐል ላይ ለማቆም አይመችም፤ ከ15 ሴኮንድ በላይ የሚፈጅ ሥራ ለሁለት ለሦስት ይከፈል፣ ወይም በቪዲዮ ይሠራ። ማየት ለተሳናቸው ሠልጣኞችም ምንም አይነግራቸውም። ስለዚህ ከያንዳንዱ ጂፍ ሥር እርምጃዎቹ በጽሑፍ ይቀመጡ።

ማከፋፈሉ አያስቸግርም። በፍላሽ ይገለበጣል፤ ፓወርፖይንት ላይ ሲለጠፍ በማሳያው ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ቴሌግራም ጂፍን ድምፅ ወደሌለው ቪዲዮ ይቀይረዋልና፣ እንደነበረ እንዲደርስ ከተፈለገ «በፋይል» ይላክ። እንዲህ እንደዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ባለ ወረቀት ላይ ግን ቢታተም አይንቀሳቀስም፤ እዚህ ያላሳየናችሁም ለዚሁ ነው።

ሥራችን መልካም መሆኑን የምናውቀው እንዴት ነው? ያን ነገር ሠርቶ ለማያውቅ ጓደኛችሁ ጂፉን ስጡትና ዝም በሉ። አትጠቁሙ፣ አታስረዱ። ሁለት ሦስት ጊዜ አይቶ ራሱ ከሠራው ጂፉ አስተምሯል። ከተሳነው ደግሞ የቆመበትን እርምጃ ልብ በሉና ከዚያ ላይ እንደገና ቅረጹ።