የሐዋሳ ሸሚዝ ጉዞ

አሜሪካ ውስጥ መደብር ላይ የተሰቀለ ሸሚዝ የአንድ አገር ሥራ ብቻ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ጥጡ አንድ ቦታ ይለቀማል፣ ጨርቁ ሌላ ቦታ ይሸመናል፣ ስፌቱ ደግሞ የጉልበት ዋጋና ቀረጥ ዝቅ ወዳለበት ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የዚህ አሠራር ልጅ ነው። ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የተባሉትን የልብስ ስሞች የያዘው የአሜሪካው ኩባንያ ፒቪኤች ከዋና ደንበኞቹ አንዱ ነበር። ኩባንያዎቹን የሳበው ርካሽ ጉልበት ብቻ አልነበረም፤ አጎዋ የተባለው የአሜሪካ ሕግም ነበር። በሕጉ መሠረት ጨርቁ ከእስያ ቢመጣም ኢትዮጵያ ውስጥ ከተሰፋ አሜሪካ የሚገባው ያለ ቀረጥ ነበር። ያለዚህ ዕድል በአንዳንድ የሰው ሠራሽ ክር ልብሶች ላይ ቀረጡ 32 በመቶ ይደርስ ነበር።

የርካሽነቱን ሸክም የተሸከሙት ወጣት ሴቶች ናቸው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት በ2019 ባወጣው ጥናት፣ መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር፤ በባንግላዴሽ ግን 95። ከገጠር የመጣች ልጅ ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ ከፍላ ምን ይተርፋታል? ብዙዎቹ ሥራውን ጥለው ሲሄዱ ስንፍና አድርጎ መቁጠር ግፍ ነው።

ከዚያ በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሳው ጦርነት መጣ። በዚሁ ሳቢያ ፒቪኤች በኖቬምበር 2021 የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ አሜሪካም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ልብሱን የሚገዛው ኩባንያ ትእዛዙን ወደ ሌላ አገር ማዞር ይችላል። ልብስ ሰፊዋ ግን የተማረችው ሙያ የሚፈለገው እዚያው ፓርክ ውስጥ ነው።