የኮምፒውተር ሳይንስ በዩኒቨርሲቲ፦ ወላጆችና ወጣቶች ሊያውቁት የሚገባ

ልጅ «ማዳዔ ሃማኽሼቭ» ልማር ነው ሲል፣ ኮምፒውተር መጠገን ወይም ቢሮ ተቀምጦ መተየብ የሚመስላቸው ወላጆች በማኅበረሰባችን ጥቂት አይደሉም። ነገሩ ሌላ ነው። ጥገና በአጭር ኮርስ ይለመዳል። «ሃንደሳይ» ለመሆንም ወደ ሁለት ዓመት ገደማ በቴክኖሎጂ ኮሌጅ መማር ይበቃል፤ የተከበረ ሙያ ነው፤ የሚሰጠው ግን ዲፕሎማ እንጂ ዲግሪ አይደለም። የኮምፒውተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ በአብዛኛው ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ትምህርቱም ከማሽኑ ይልቅ ስለ አስተሳሰብ ነው።

ምሳሌ እንስጥ። የአንድ ሚሊዮን ሰዎች ስም በፊደል ተራ ተጽፎ ቢሰጥዎትና አንድ ስም ፈልጉ ቢባሉ፣ ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ማንበብ ቀን ከሌት ያደክማል። መሐሉን ከፍተው «የምፈልገው ከዚህ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብለው ቢጠይቁ ግን ግማሹ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። የቀረውን እንደገና ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት እያሉ ቢሄዱ 20 ጊዜ ያህል መጠየቅ ይበቃል። እንዲህ ያለውን ዘዴ ማግኘት፣ ትክክል መሆኑንም በሒሳብ ማረጋገጥ የዚህ ትምህርት ዋና ሥራ ነው።

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቀው። የግዕዝ ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ በ1999 ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ተሰጠው፤ «ሀ» 4608፣ «ሁ» 4609፣ «ለ» 4616 እየተባለ። ታዲያ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለእኛ አንድ ስም ሲሆን ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ይህን ካላሰበበት አንዱን ሲፈልጉ ሌላው አይገኝም። ፊደላችንን የሚያውቅ የእኛ ልጅ ይህን ችግር ከማንም ቀድሞ ያየዋል።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። የመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው ሒሳብ ነው፦ «ኢንፊ» የሚሉት ካልኩለስ፣ ሊኒያር አልጀብራ፣ ዲስክሪት ሒሳብ፤ ከዚያ ጎን የፕሮግራም መግቢያ። ብዙ ተማሪ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ ኮምፒውተር ብሎ መጥቶ ወረቀትና እርሳስ ያገኛል። በሁለተኛው ዓመት የመረጃ አደረጃጀት፣ አልጎሪትም፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይከተላሉ፤ በሦስተኛው እንደየምርጫው ኔትወርክ፣ የመረጃ ደኅንነት ወይም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይማራል። በየሳምንቱ የሚሰጠውን የቤት ሥራ ብቻውን ለመወጣት የሚሞክር ተማሪ ቶሎ ይደክማል። ከሌሎች ጋር በቡድን መቀመጥ፣ አስተማሪው ለጥያቄ በሚቀበልበት ሰዓት በሩን ማንኳኳት ነውር አይደለም። በ«ሞዔድ አለፍ» የወደቀ ልጅ «ሞዔድ ቤት» አለለት፤ ወላጅ አንድ ፈተና ሲበላሽ ትምህርቱ አለቀ ብሎ ሊያዝን አይገባም።

ይሁን እንጂ በሩ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በ10ኛ ክፍል ነው። ያኔ ተማሪዎች በሒሳብ ባለ 3፣ ባለ 4 እና ባለ 5 «የኺዶት» ተብለው በ«ሃክባጻ» ይከፈላሉ። ለኮምፒውተር ሳይንስ የሚያዘጋጀው 5 ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ለመግቢያ ሲያሰሉ ለእሱ ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣሉ። ከ5 ወደ 3 መውረድ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው፤ መውጣቱ ግን ያመለጠውን ሁሉ ማካካስ ስለሚጠይቅ ከባድ ነው። እኛ ባደግንበት አገር መምህር የተናገረው አይጠየቅም ነበር፤ ስለዚህ ብዙ ወላጅ «መምህሯ ታውቃለች» ብሎ ይፈርማል። እዚህ መጠየቅ ድፍረት አይባልም። ልጄ የጎደለው ምንድን ነው? የማጠናከሪያ ሰዓት አለ? እስከ መቼስ ይሞክር? ብለው ይጠይቁ፤ ቋንቋው ካስቸገረ የሚያስተረጉም ሰው ይዘው ይሂዱ። እስኪገባዎት ድረስም አይፈርሙ።

ያለፈበት ልጅስ? ከ200 እስከ 800 ነጥብ የሚታሰበው የ«ፕሲኮሜትሪ» ፈተና በድጋሚ ሊወሰድ ይችላል። «መኺና» ገብቶ የ«ባግሩት» ውጤትን ማሻሻልም አለ። «ሃዩኒቨርሲታ ሃፕቱኻ» ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ሲያስጀምር ባግሩትም ፕሲኮሜትሪም አይጠይቅም፤ እዚያ የተወሰኑ ኮርሶችን በጥሩ ውጤት ጨርሶ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚሻገሩበት መንገድም አለ። ግን መግቢያው ቀላል ነው ማለት ሒሳቡ ቀላል ነው ማለት አይደለም።

ስለ ገንዘብ፦ በመንግሥት በሚደገፉ ተቋማት የዓመቱ ክፍያ ከ10,000 ሸቀል በላይ ነው፤ በግል ኮሌጆች ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ከመክፈል በፊት «ሚንሃል ሃስቱደንቲም» ዘንድ ሄዶ መብትን ማጣራት ያስፈልጋል፤ ለኢትዮጵያ ተወላጆች የትምህርት እርዳታ ይሰጣል፣ ደንቡ ግን ስለሚለዋወጥ የዘመድ ወሬ አይበቃም። ከ1974 ጀምሮ ያለው «ፔራኽ» ተማሪው ሕፃናትን እያስጠና «ሚልጋ» የሚያገኝበት ነው። ከሠራዊት የወጡም «ፒካዶን» የተባለውን ገንዘባቸውን ለትምህርት ማዋል ይችላሉ።

አንድ የቤት ጉዳይ ሳንጠቅስ አንለፍ። የፈተና ወራት ክረምቱ መሐል ላይና በበጋ መጀመሪያ ይመጣሉ፤ የእኛም ሠርግና ለቅሶ ቀጠሮ አይጠብቅም። ልጁ ለሊቱን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ሲያፈጥ እየተጫወተ ነው ብሎ መቆጣት፣ ለሁሉም ድግስ ይምጣልን ማለት ትምህርቱን ይጎዳል። በዚያ ጊዜ እናትና አባት ለዘመድ «ፈተና ላይ ነው» ብለው ይቅርታ ቢጠይቁለት ትልቅ እርዳታ ነው።

ዲግሪው ሲያልቅ ሥራ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል የሚባለውን ግን እንዳለ አይቀበሉ። ዛሬ ኮድ የሚጽፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ስላሉ ጀማሪን የሚቀጥር የሀይ-ቴክ ድርጅት ከቀድሞው ይበልጥ መራጭ ሆኗል። ስለዚህ በትምህርት ላይ እያሉ የራስን ፕሮጀክት ሠርቶ ማሳየት፣ ከሁለተኛው ዓመት በኋላ የተማሪ ሥራ መፈለግ ይጠቅማል። ቴክ-ካሪየር የተባለው ማኅበርም የኢትዮጵያ ተወላጆችን ለሀይ-ቴክ ሥራ ያሠለጥናል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ከምዝገባ በፊት «ዮም ፓቱኣኽ» የሚሉት የጉብኝት ቀን አላቸው፤ መግባቱ ለሁሉም የተፈቀደ ነውና ወላጅም ከልጁ ጋር ሄዶ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎችን በቀጥታ ማነጋገር ይችላል።