ሳይቃጠል በቅጠል

ዛሬ የማጫውታችሁ ከራሴ ቤት የሆነውን ነው። እናቴም «ለሌላው ትምህርት ከሆነ ጻፊው» ብላ ፈቅዳልኛለች።

እናቴ ከኤች.አይ.ቪ. ጋር ነው የምትኖረው። መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትወስዳለች። ታላቅ እህቷ፣ እኛ እቴቴ የምንላት አክስቴ፣ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ አልነበረም። ከሁለቱ ቀድማ ያለፈችው ማን ትመስላችኋለች? እቴቴ ናት። የገደላትም የማኅፀን በር ካንሰር ነው።

እኔም እንደናንተው ግራ ገባኝ። ጠይቄ ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

በሽታው ከምን ይመጣል?

የማኅፀን በር ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚመጣው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ (ኤች.ፒ.ቪ.) ከሚባል ተሕዋስ ነው። ይህን ያረጋገጡት ጀርመናዊው ሐራልድ ሱር ሃውዘን በ2008 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል፤ ወንዱንም ሴቷንም ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነታችን በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ያስወግደዋል። ሳይወገድ የቀረው ግን የማኅፀን በርን ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይለውጣል። ጤነኛ የመከላከል አቅም ባላት ሴት ላይ ወደ ካንሰር ለመለወጥ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። ኤች.አይ.ቪ. ኖሮባት ሕክምና ባላገኘች ሴት ላይ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊበቃው ይችላል። በ2020 እ.ኤ.አ. ላንሴት ግሎባል ኸልዝ ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከኤች.አይ.ቪ. ጋር የሚኖሩ ሴቶች በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች ሴቶች ስድስት እጥፍ ነው።

ታዲያ እናቴ እንዴት ዳነች?

መድኃኒቷን ልትወስድ በሄደችበት ቀን ሲስተሯ «የማኅፀን በር ምርመራ አድርገሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት። እናቴም «እንዴ፣ ምንም ሳያመኝ?» ብላ ሳቀች። ሆኖም ተመረመረች። ምርመራው ኮምጣጤ ውስጥ ያለውን አሴቲክ አሲድ በስሱ የማኅፀን በር ላይ መቀባት ነው፤ የተለወጠው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። የእናቴም ነጭ ሆነ። ገና ካንሰር አልነበረም። የተለወጠውን ቦታ በቅዝቃዜ አከሟትና የዚያኑ ዕለት ቤቷ ገባች። ማታ ቡና አፍልታ ነበር።

እቴቴስ? የምትኖረው ገጠር ነው። ጤና ጣቢያው ከቤቷ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ደም ሲፈሳት አፍራ ደበቀችው። «የዕድሜ ነው» አለች፤ ጠበልም ሞከረች። እኛ ዘንድ አዲስ አበባ ስትመጣ በሽታው ተሰራጭቶ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ እናቴ የተጠየቀችውን ጥያቄ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

አያችሁ? ተጋላጭነቱ የባሰው የእናቴ ነበር። ልዩነቱን የፈጠረው ምርመራው ነው።

ይህ የእኛ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ወደ 660 ሺህ የሚጠጉ ሴቶች በዚህ ካንሰር ተይዘዋል፤ ወደ 350 ሺህ የሚጠጉት ሞተዋል። ከሟቾቹ ከመቶ ዘጠና አራቱ እጅ የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ቫይረሱ ሀብታም ከድሃ መርጦ አይደለም። ክትባቱ፣ ምርመራውና ሕክምናው እኩል ስላልደረሰ ነው። በአገራችን ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር።

እኛስ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ክትባት። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የኤች.ፒ.ቪ. ክትባት መስጠት ጀምራለች። እኔም ትምህርት ቤት ነው የተከተብኩት። አንዲት ጓደኛዬ ግን «መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ ሰምታ መጸዳጃ ቤት ተደበቀች። ወሬው ሐሰት ነው። ክትባቱ የበለጠ የሚጠቅመው ግብረ ሥጋ ግንኙነት ከመጀመሩ በፊት ሲወሰድ ነው።

ሁለተኛ፣ መታቀብና ኮንዶም። ኮንዶም ኤች.ፒ.ቪ.ን ሙሉ በሙሉ ባይከላከልም አደጋውን ይቀንሳል። ወንዶች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል!

ሦስተኛ፣ ምርመራ። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች ሳያማቸው መመርመር ይገባቸዋል። ከኤች.አይ.ቪ. ጋር የሚኖሩ ደግሞ ከ25 ዓመታቸው ይጀምራሉ። የተከተበችም ብትሆን ዕድሜዋ ሲደርስ ትመርመር። ከወር አበባ ውጭ ወይም ከግንኙነት በኋላ ደም የታያት ሴት ግን ዕድሜ ሳትቆጥር ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ዛሬ ማታ እናታችሁን፣ አክስታችሁን፣ ገጠር ያለችውንም ዘመድ በስልክ «ተመርምረሽ ታውቂያለሽ?» በሏት። ትስቅባችሁ ይሆናል። ትሳቅ። እናቴም ስቃ ነበር።