ወርቃማው ውድርና የውበት ጥያቄ፤ በባቱ አካባቢ በሚገኙ ዕፀዋትና የእጅ ሥራዎች ሲመረመር

መግቢያ

ከሒሳብ መማሪያ መጽሐፍ ወጥተው ወደ ሥነ ሕይወት፣ ወደ ሥነ ጥበብና ወደ ሥነ ውበት ከተሻገሩት ጥቂት ቁጥሮች አንዱ ወርቃማው ውድር ተብሎ የሚጠራው ነው። ስለዚህ ቁጥር በተለያዩ ጽሑፎች በተደጋጋሚ የሚነገሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ቁጥሩ በተፈጥሮ ውስጥ በሰፊው ይገኛል የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ፣ የሰው ልጅ ውብ ነው ብሎ የሚያደንቀው ሁሉ ይህንኑ ልክ የተከተለ ነው የሚል ነው። ሁለቱ አባባሎች ሁልጊዜ አብረው ስለሚቀርቡ አንዱ በሌላው የተረጋገጠ ይመስላል። በመለኪያ ሲመረመሩ ግን የመጀመሪያው በከፊል እውነት ሆኖ ይገኛል፤ ሁለተኛው ግን በአብዛኛው ማስረጃ ያጣል።

ልዩነቱ ለትምህርት ሥራ ቀላል አይደለም። መምህሩ ያልተለካውን ነገር እንደ ተለካ አድርጎ ካቀረበ፣ ተማሪው ሳይንስ ማለት የተነገረውን አምኖ መቀበል ነው የሚል ትምህርት ይቀስማል። ውበት አንድ ልክ ብቻ አለው ከተባለ ደግሞ የእናቱ መሶብ፣ ያደገበት ቤት፣ የራሱም መልክ ሳይቀር ከልክ የወጡ ሊመስሉት ይችላሉ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሁለቱን አባባሎች ለያይቶ ይመረምራል። ለምርመራው የሚያስፈልጉት ነገሮች በእጅ አቅራቢያ የሚገኙ መሆናቸውን ለማሳየትም በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኘውን የባቱን ከተማና አካባቢዋን ምሳሌ ያደርጋል።

የውድሩ ምንነት

አንድ ሲባጎ ሁለት ቦታ ይቆረጥ። የሙሉው ሲባጎ ርዝመት ለትልቁ ቁራጭ ያለው ውድር፣ ትልቁ ቁራጭ ለትንሹ ካለው ውድር ጋር እኩል ከሆነ፣ ሲባጎው በወርቃማው ውድር ተከፍሏል ይባላል። ለምሳሌ 100 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሲባጎ 61.8 እና 38.2 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲከፈል፣ 100 ለ61.8 ሲካፈልም ሆነ 61.8 ለ38.2 ሲካፈል ውጤቱ 1.618 ገደማ ይሆናል። የቁጥሩ ትክክለኛ ዋጋ የ5 ዳግም ዘር ላይ 1 ተደምሮ ለ2 ሲካፈል የሚገኘው ነው። ይህ ቁጥር በራሱ ሲባዛ 2.618 ያህል ይሆናል፤ ይኸውም ራሱ ሲደመር 1 ማለት ነው። በሁለት ሙሉ ቁጥሮች ክፍልፋይ ሊጻፍ አይችልም።

የግሪኩ ሊቅ ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ ይህን አከፋፈል በመጽሐፉ ተርጉሞታል፤ ነገር ግን «ወርቃማ» አላለውም፤ ስለ ውበትም አላነሣም። «ወርቃማ» የሚለው ስያሜ በጽሑፍ ታውቆ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዓመት በጀርመን አገር ነው።

ከውድሩ ጋር የሚዛመድ የታወቀ የቁጥሮች ሰልፍ አለ፤ ይኸውም 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13፣ 21፣ 34፣ 55፣ 89 እያለ የሚቀጥለው ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ከእርሱ በፊት ያሉት የሁለቱ ድምር ነው። ሰልፉ የፒዛው ሊዮናርዶ፣ በቅጽል ስሙ ፊቦናቺ፣ እ.ኤ.አ. በ1202 ባቀረበው የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ የሕንድ ሊቃውንት ግን የግጥም ምጣኔን ሲያጠኑ ከእርሱ አስቀድመው አውቀውታል። ከሰልፉ እያንዳንዱ ቁጥር ከፊቱ ላለው ሲካፈል 5 ለ3 1.667፣ 8 ለ5 1.600፣ 13 ለ8 1.625፣ 34 ለ21 1.619 ይሆናል። ውጤቱ አንድ ጊዜ ከፍ፣ አንድ ጊዜ ዝቅ እያለ ወደ 1.618 ይጠጋል።

በዕፀዋት ዘንድ

ባቱ፣ ቀድሞ ዝዋይ በተባለው ስሟ የምትታወቀው ከተማ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደምበል ወይም ዝዋይ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በከተማዋ አካባቢ ለውጭ ገበያ ጽጌረዳ የሚያመርቱ ሰፋፊ እርሻዎች ተቋቁመዋል። ስለሆነም ጽጌረዳ ለአካባቢው ተማሪ እንግዳ አበባ አይደለም።

ያልፈነዳ የጽጌረዳ እንቡጥ ከሥሩ አምስት አረንጓዴ ቅጠሎች ያቅፉታል። በብዙ የጽጌረዳ ዓይነቶች ከአምስቱ ሁለቱ በሁለቱም ጠርዛቸው እንደ ጢም ያለ ጭፍርግ አላቸው፤ ሁለቱ ጠርዛቸው ለስላሳ ነው፤ አንዱ ግን በአንድ በኩል ብቻ ጢም ያበቅላል። በአውሮፓ ይህ ነገር ስለ አምስት ወንድማማቾች ጢም የሚናገር የላቲን እንቆቅልሽ ሆኖ ለረጅም ዘመን ኖሯል። የእንቆቅልሹ ፍቺ በቅጠሎቹ አወጣጥ ላይ ነው። እያንዳንዱ አዲስ ቅጠል ከቀደመው የሚወጣው የክቡን ሁለት አምስተኛ፣ ማለትም 144 ዲግሪ ዞሮ ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንዱ ጠርዝ በጎረቤቱ ሥር ይሸፈናል፤ አንዳንዱ ግን ከላይ ይሆናል። በነፃ ያደገው ጠርዝ ጢም ሲያወጣ የተሸፈነው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። 2 እና 5 ሁለቱም ከላይ ከተጠቀሰው ሰልፍ ውስጥ ናቸው።

በትልቁ ቢጫ የሱፍ አበባ ላይ ነገሩ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ፍሬዎቹ ከመሐል ወደ ዳር በሚጠማዘዙ መስመሮች ተደርድረዋል፤ ወደ ቀኝ የሚዞሩትና ወደ ግራ የሚዞሩት ለየብቻ ሲቆጠሩ ብዙውን ጊዜ 34 እና 55፣ ወይም 55 እና 89 ይሆናሉ። የአናናስ ቅርፊትም እንዲሁ ሲቆጠር 8 እና 13 መስመሮች ይገኙበታል።

ምክንያቱ አትክልቱ ቁጥር ማወቁ ወይም ውበት መፈለጉ አይደለም። በሚያድገው ጫፍ ላይ አዲስ ቡቃያ የሚወጣው ቀደም ሲል ከወጡት ቡቃያዎች የተሻለ ክፍት ቦታ ባለበት ነው፤ ይህንንም ኦክሲን የተባለው የዕድገት ቅመም ክምችት ይወስነዋል። እያንዳንዱ ቡቃያ ከቀደመው ሩብ ዙር ርቆ ቢወጣ፣ አምስተኛው በመጀመሪያው አናት ላይ ያርፋል፤ ቡቃያዎቹ በአራት ረድፍ ብቻ ተሰልፈው በመካከላቸው ባዶ ቦታ ይቀራል። በማንኛውም ቀላል ክፍልፋይ ዙር ቢወጣም እንዲሁ ይሆናል። 137.5 ዲግሪ ያህል ሲዞር ግን አንዱ በሌላው አናት ላይ በትክክል አያርፍም፤ ምክንያቱም ይህ ማዕዘን የተገኘው 360 ዲግሪን በወርቃማው ውድር በመክፈል ነው፤ ወርቃማው ውድር ደግሞ በክፍልፋይ ለመጠጋት ከሁሉም ይልቅ አስቸጋሪ የሆነ ቁጥር ነው። ዱዋዲና ኩዴ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ፊዚሲስቶች እ.ኤ.አ. በ1992 ሕይወት የሌላቸው ፈሳሽ ጠብታዎች በማግኔት ኃይል እርስ በርሳቸው እየተገፋፉ ሲሰለፉ ይህንኑ ማዕዘን ሊሠሩ እንደሚችሉ በሙከራ አሳይተዋል። ስለዚህ ቁጥሩ የቦታ አያያዝ ውጤት እንጂ የውበት ሕግ አይደለም።

ደንቡም ቢሆን ሁሉን አይገዛም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በሕዝብ ተሳትፎ ከተሰበሰቡ 657 የሱፍ አበባዎች የተገኙ ቁጥሮችን መርምሮ፣ አብዛኞቹ የሰልፉን ቁጥሮች ሲከተሉ ጥቂት የማይባሉት ግን ከሰልፉ ውጭ መሆናቸውን አረጋግጧል። በባቱ አካባቢ በሰፊው የሚዘራው በቆሎ ቅጠሎቹን በሁለት ረድፍ ብቻ ያወጣል፤ በራሱ ላይ ያሉት የፍሬ ረድፎችም ፍሬዎቹ በጥንድ ስለሚወጡ 12፣ 14፣ 16 እያሉ ሙሉ በሙሉ ተጋማሽ ቁጥር ይሆናሉ። ቡናና በሶብላ ቅጠሎቻቸውን ጥንድ ጥንድ አድርገው ፊት ለፊት ያወጣሉ። በቆሎው ከሱፍ አበባው ያነሰ ውብ ነው የሚል የለም።

ሁለት ዓይነት ጥምዝ

ማንኛውም ጥምዝ ቅርጽ ወርቃማ ነው የሚለው አባባልም መታረም ይገባዋል። የቀንድ አውጣ ቤት ዕድገቱን ተከትሎ በየዙሩ በተመሳሳይ እጥፍ እየሰፋ ይሄዳል። የወርቃማው ውድር ጥምዝ በአንድ ዙር 6.85 ጊዜ ያህል መስፋት ይኖርበታል፤ ለምሳሌነት ዘወትር የሚጠቀሰው ናውቲለስ የተባለው የባሕር እንስሳ ቤት ግን በአንድ ዙር የሚሰፋው 3 ጊዜ ያህል ብቻ ነው።

የመሶብና የሰፌድ ስፌት ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥምዝ ነው። ሰፊዋ ከመሐል ጀምራ ስንደዶውንና አክርማውን እያዞረች ስትሰፋ የእያንዳንዱ ዙር ውፍረት እኩል ስለሆነ፣ ጥምዙ በየዙሩ በእኩል መጠን ብቻ ይሰፋል። አርኪሜድስ ያጠናው ጥምዝ ይህ ነው። ቀለማቱም ክቡን በእኩል ክፍል ከፍለው እየተደጋገሙ ስለሚዞሩ ውበቱ የሚመነጨው ከድግግሞሽና ከሚዛን ነው። ወርቃማው ውድር በዚህ ውስጥ ድርሻ የለውም፤ መሶቡ ግን የሒሳብ ሥራ ከመሆን አልጎደለም።

በሥነ ጥበብና በሕንፃ ሥራ

የኢጣሊያው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1509 ስለዚህ ውድር ያሳተመው መጽሐፍ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሥዕሎች ስላሉበት ብዙዎች የሠዓሊዎች መመሪያ አድርገው ይጠቅሱታል። ይሁንና ፓቾሊ ለሕንፃ ሥራ የመከረው በቀላል ሙሉ ቁጥሮች የሚገለጹ ውድሮችን ነበር። ውድሩን የሰው አካልና የሥነ ጥበብ ሁሉ ሕግ አድርጎ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1854 ጀርመናዊው አዶልፍ ጻይሲንግ ነው። አቴና የሚገኘው ፓርቴኖን እንደ ምሳሌ ሲጠቀስ ይሰማል፤ የወለሉ ልክ ግን 69.5 በ30.9 ሜትር ስለሆነ ውድሩ 2.25፣ ማለትም 9 ለ4 ነው።

ጉስታቭ ፌክነር እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው ሥራ የተለያየ ውድር ያላቸውን ሞላላ አራት ማዕዘኖች ለሰዎች አቅርቦ ብዙዎቹ ለ1.618 የቀረበውን እንደ መረጡ ገልጿል። ከእርሱ በኋላ የተደረጉት ሙከራዎች ግን አንድ ወጥ ምርጫ አላገኙም፤ ውጤቱ እንደ አቀራረቡና እንደ ተመልካቹ ይለያያል። ለ ኮርቡዚዬ የተባለው ዕውቅ አርክቴክት ውድሩን ለሕንፃ መለኪያ ሲያውል በመጀመሪያ 1.75 ሜትር ቁመት ያለውን ሰው መነሻ አድርጎ ነበር፤ ኋላ ግን ስድስት የእንግሊዝ ጫማ እንዲሆንለት ወደ 1.83 ሜትር ለወጠው። ይህ የሚያሳየው አንድ አርቲስት ውድሩን መርጦ ሊሠራበት እንደሚችል ነው፤ የሰው አካል ግን ምርጫውን አልደነገገለትም።

በአገራችን የዕለት ተዕለት ኑሮም ሌሎች ውድሮች ይሠራሉ። የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ርዝመት የወርዱ እጥፍ ነው። በየቢሮው የሚሠራበት የወረቀት ልክ 297 በ210 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ውድሩ 1.414 ነው፤ ይህም ወረቀቱ ለሁለት ሲታጠፍ ቅርጹ እንዳይለወጥ ታስቦ የተመረጠ ነው። በደምበል ሐይቅ ደሴቶች የዛይ ሕዝብ ይኖራል፤ ከደሴቶቹ በአንዱ በቱሉ ጉዶ ላይ የምትገኘው ደብረ ጽዮን ማርያም በጥንታዊ የብራና መጻሕፍቷ ትታወቃለች። በኢትዮጵያ የብራና ሥራ ልማድ ጸሐፊው ቀለም ከማንሣቱ በፊት ብራናውን በወስፌ ወግቶ ዓምዱንና መስመሩን ያሰምራል፤ የታችኛውም ኅዳግ ብዙውን ጊዜ ከላይኛው ይሰፋል። ይህ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የተላለፈ የምጣኔ ዕውቀት ነው፤ ሊጠና የሚገባውም በራሱ ልክ እንጂ ከሌላ አገር በመጣ አንድ ቁጥር ተመዝኖ አይደለም።

ለክፍል ትምህርት

ርእሱ ውድርንና ምጥጥንን ለማስተማር እጅግ ምቹ ነው። መምህሩ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ሊጠቀም ይችላል።

1ኛ. ተማሪዎች 100 ሳንቲ ሜትር ሲባጎ በተለያየ ቦታ እየከፈሉ ሁለቱን ውድሮች ያስላሉ፤ ሁለቱ እኩል የሚሆኑበትንም ቦታ ራሳቸው ፈልገው ያገኛሉ።

2ኛ. የሱፍ አበባ፣ አናናስ፣ የበቆሎ ራስና አደይ አበባ እየቆጠሩ ይመዘግባሉ። ከሰልፉ ውጭ የሆነው ቁጥር እንደ ስሕተት ተቆጥሮ አይሰረዝም፤ ከሌሎቹ እኩል በሰንጠረዡ ይገባል።

3ኛ. የደብተር፣ የመስኮት፣ የጥቁር ሰሌዳና የባንክ ካርድ ርዝመትና ወርድ ይለካሉ። የባንክ ካርድ ልኩ 85.6 በ54 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ውድሩ 1.585 ነው፤ ከ1.618 በ2 በመቶ ያህል ያንሳል። ይህ ልዩነት «ያው ነው» ሊባል ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ ስለ መለኪያ ስሕተት ለመወያየት በር ይከፍታል።

4ኛ. ከየት እስከ የት እንደሚለካ ከመለካቱ በፊት ይወሰናል። ነጥቦቹ ከልኬቱ በኋላ የሚመረጡ ከሆነ የተፈለገውን ቁጥር ማግኘት ይቻላል፤ ስለ ፓርቴኖንና ስለ ሰው ፊት ከሚነገረው አብዛኛው የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ሦስት ጥንቃቄዎችም ያስፈልጋሉ። ሐይቁ ውስጥ የሚገኙ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያ አስተላላፊዎች ስለሆኑ ተማሪዎች ለቀማ ወደ ውኃው እንዲገቡ አይደረግም፤ ሥዕል ይበቃል። ከእርሻ የወጣ ጽጌረዳ ፀረ ተባይ የተረጨ ሊሆን ስለሚችል በግቢ የበቀለ ይመረጣል። ከሁሉም በላይ የተማሪዎች ፊት ወይም ቁመና ተለክቶ ከወርቃማው ውድር ጋር መነጻጸር የለበትም፤ ይህ ሳይንሳዊ መሠረት የሌለው ከመሆኑም በላይ በልጆች፣ በተለይም ለአካለ መጠን በሚደርሱበት ዕድሜ ላይ፣ የሚያደርሰው የመንፈስ ጉዳት ከባድ ነው።

መደምደሚያ

ወርቃማው ውድር በሱፍ አበባ ውስጥ የሚገኘው በማይታበል ምክንያት ነው፤ ምክንያቱም የዕድገትና የቦታ ጉዳይ ነው። በሥነ ጥበብ ውስጥ ደግሞ ሠሪው ፈቅዶ ባስገባው ቦታ ይገኛል። ከዚህ አልፎ የውበት ሁሉ መለኪያ ነው ማለት ቁጥሩ የማይሸከመውን ሸክም መጫን ነው። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ርእሱን ሲያስገቡ የተረጋገጠውን ካልተረጋገጠው ለይተው ቢያቀርቡ፣ ለልምምድም ከየአካባቢው የሚገኘውን አበባ፣ ሰፌድና ብራና ቢጠቅሱ፣ ተማሪው ውድርን ከማወቅ አልፎ አንድን አባባል በመስመሪያና በቆጠራ መፈተንን ይለምዳል። የሒሳብ ትምህርት ለአንድ ዜጋ ከሚሰጠው ጥቅም ትልቁ ይህ ነው።