«ቡችላ ነው፤ ያልፍለታል»፦ ስለ ወጣት ውሾች የእግር ችግርና ድንገተኛ ሕመም ተረቱና እውነታው

ውሻ ለሚያሳድግ ሰው ምክር የሚሰጥ አይጠፋም፤ ከምክሮቹ ሁሉ በብዛት የሚሰማው ግን «ቡችላ ነው፤ ያልፍለታል» የሚለው ነው። የስድስት ወር ጀርመን ሼፐርድ ከተኛበት ሲነሳ የኋላ እግሩ አልታዘዝ ቢለው «እያደገ ስለሆነ ነው» ይባላል። ትናንት ግቢውን ሲያምስ የዋለው ቡችላ ዛሬ ጠዋት አስመልሶት ጥግ ይዞ ቢተኛ ደግሞ «ወተት ስጡት፤ ይሻለዋል» የሚል አይታጣም። ሁለቱም ምክሮች የሚቀዱት ከአንድ እምነት ነው፤ ወጣት ገላ ራሱን በራሱ ያድናል ከሚል እምነት። በእንስሳት ሕክምና የተጠራቀመው ማስረጃ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። የውሻ ዕድሜ የመጀመሪያው ዓመት በሽታ የሚፈጥንበት፣ የተበላሸውን ለማቃናት ያለው ጊዜም ቶሎ የሚያልቅበት ነው። የመገጣጠሚያ ችግር ሳምንታት ይታገሠን ይሆናል፤ ድንገተኛ ሕመም ግን የሚታገሠን ለሰዓታት ነው። ከዚህ በታች የሚነሱት እምነቶች የጋራ ጥፋታቸው ይህን ጊዜ ማባከናቸው ነው።

«የሚያነክሰው እያደገ ስለሆነ ነው»

ይህ እምነት ዕድሜ ያገኘው አንዳንዴ እውነት ስለሚሆን ነው። ፓኖስቲአይተስ የሚባል የአጥንት ሕመም አለ፤ ከ5 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ትልልቅ ዝርያዎችን፣ በተለይም ጀርመን ሼፐርድን ይይዛል። አንድ ሰሞን አንዱን እግር ያስነክሳል፤ ቆይቶ ወደ ሌላው ይዛወራል፤ በመጨረሻም በራሱ ጊዜ ይተወዋል። ይህን ያየ ሰው በቀጣዩ ቡችላም «ያልፋል» ቢል አይፈረድበትም። ችግሩ በዚያው ዕድሜ፣ በዚያው ዝርያ ላይ፣ ያንኑ የመሰለ ማነከስ የሚያመጡ የማያልፉ ሕመሞች መኖራቸው ነው። ዋነኛው ሂፕ ዲስፕሌዢያ የሚባለው የዳሌ መገጣጠሚያ መላላት ነው። የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ ጥብቅ ብሎ መቀመጥ ሲገባው ይላላል፤ ውሻው በረገጠ ቁጥር ወጣ ገባ እያለ አጥንቶቹ እንዳይፋተጉ የሚጠብቀውን ልም አጥንት ይፍቀዋል። እንዲህ ያለውን ቡችላ ሲሮጥ ላስተዋለው ምልክቱ አይሰወርም፤ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን እያፈራረቀ በመርገጥ ፈንታ እንደ ጥንቸል ገጥሞ ያነሳቸዋል። ለመነሳት በፊት እግሮቹ ራሱን ይጎትታል፤ ደረጃ ሥር ሲደርስ ያመነታል፤ ጨዋታ ሳይጠግብ ቁጭ ይላል።

«ቢያመው ኖሮ ይጮህ ነበር» የሚል ሊኖር ይችላል። ውሻ እግሩ ሲረገጥ ይጮሃል፤ ለሰነበተ ሕመም ግን እምብዛም ድምፅ አያሰማም፤ የሚናገረው ልማዱን በመለወጥ ነው። ስለዚህ ዝምታውን እንደ ጤንነት ማስረጃ መቁጠር አያስኬድም። ማነከሱ ከጥቂት ቀናት ካለፈ፣ ወይም ሄድ መለስ ካለ፣ የሚያልፈውን ከማያልፈው የሚለየው የሐኪም እጅና ራጅ ነው። መቻኮል የሚያስፈልግበትም ምክንያት አለ፤ እስከ 20 ሳምንት ገደማ ላለ ቡችላ የዳሌውን አጥንት የዕድገት አቅጣጫ የሚያስቀይር ቀላል ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። ሕክምናው በየክሊኒኩ አይገኝም፤ ይህ ዕድሜ ካለፈ በኋላ ግን የትም ቢኬድ ፋይዳ የለውም። በዚያ ላይ ማነከስ ሁሉ የእግር በሽታ አይደለም። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ማነከሱ ከዚህ ከፍ ካለ ትኩሳትና ከምግብ መከልከል ጋር ከመጣ በሽታው መላ ሰውነቱን ይዞ ሊሆን ይችላል። በመዥገር የሚተላለፈው ኤርሊኪያ የተባለ ባክቴሪያ ለምሳሌ ትኩሳት፣ ነስርና የመገጣጠሚያ እብጠት ሊያመጣ ይችላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ዶክሲሳይክሊን በተባለ መድኃኒት ለአራት ሳምንት ያህል ይታከማል። እግሩን ብቻ እያሸ «ይድናል» ያለ ሰው ያ ጊዜ ያመልጠዋል።

«አጥንቱ እንዲጠነክር ካልሲየም ይጨመርለት፤ እንደልቡም ይብላ»

ከምክሮቹ ሁሉ ደግነት ያለበት የሚመስለው ይህ ነው። በኔዘርላንድ ዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በግሬት ዴን ቡችሎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ያሳዩት ግን ካልሲየም የተጨመረላቸው ቡችሎች አጥንት ሥርዓቱን ስቶ ማደጉን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስድስት ወር ያልሞላው ቡችላ አንጀት ትርፉን ካልሲየም አልቀበልም ብሎ የሚመልስበት አቅም ገና የለውም። የገባው ሁሉ ወደ ደም ይሻገራል፤ ልም አጥንቱ በወጉ ወደ ጠንካራ አጥንት መለወጥ ያቅተዋል፤ እግር ይጎብጣል። ምግብ ማብዛትም ከዚህ አይሻልም። በአሜሪካ 48 ላብራዶር ቡችሎች ከአንድ እናት እየተመረጡ ጥንድ ጥንድ ተደረጉ፤ ከየጥንዱ አንዱ ሌላው ከሚበላው በ25 በመቶ ያነሰ እየተሰጠው አደገ። እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመው ውጤት መሠረት በሁለት ዓመታቸው የዳሌ ችግር የታየባቸው እንደልባቸው ከበሉት 24 ውሾች 16ቱ ሲሆኑ፣ ተመጥኖ ከተሰጣቸው 24 ውሾች ግን 7ቱ ብቻ ነበሩ። ጥናቱ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ሲቀጥል ተመጥኖ የተሰጣቸው ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ተጨማሪ ዕድሜ አገኙ። ዘሩ አንድ ነው፤ የተለየው ሳህኑ ነው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ተቃውሞ ይነሳል፤ «የኛ አገር ውሻ የሚበላው ትርፍራፊ እንጀራ፣ ልፋጭና ሳንባ ነው፤ ካልሲየም እንዴት ይተርፈዋል?» እውነት ነው፤ ከሥጋ በቀር ሌላ የማይቀምስ ቡችላ ካልሲየም ያጥረዋል፤ ሰውነቱም ከራሱ አጥንት እየመዘዘ ስለሚጠቀም አጥንቱ ሳስቶ በትንሽ ዝላይ ሊሰበር ይችላል። ነገር ግን ይህ የሚያረጋግጠው ጉድለቱም ትርፉም የሚጎዳ መሆኑን እንጂ ዱቄቱን በግምት መነስነስ እንዳለብን አይደለም። ለቡችላ ተመጥኖ የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ የሚበላ ውሻ ተጨማሪ ካልሲየም አያስፈልገውም፤ የቤት ምግብ ለሚበላው ደግሞ መጠኑን በክብደቱና በዕድሜው አስልቶ የሚነግረው ሐኪም ነው። የአመጋገቡ መለኪያ እጅ ነው፤ የጎን አጥንቶቹ በዓይን ሳይቆጠሩ በመዳሰስ ብቻ በቀላሉ መገኘት አለባቸው።

«ወላጆቹ ደህና ናቸው፤ ሩጫ ደግሞ ያጠነክረዋል»

የዳሌ ችግር በብዙ ዘረ መሎች የሚወረስ ስለሆነ ራሱ ሳያነክስ ለልጁ የሚያወርስ ውሻ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ የተመሠረተውና የውሾችን ዳሌ በራጅ የሚመዝነው ድርጅት የመጨረሻ ማረጋገጫ የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ከሞላው በኋላ ነው። «አባቱን አየሁት፤ ይሮጣል» የሚለው የሻጭ ቃል ራጅን አይተካም። ስለ ሩጫ ደግሞ ማስረጃው «ይሩጥ» ወይም «ይታሰር» ብሎ የሚደመድም አይደለም። በኖርዌይ በአራት ትልልቅ ዝርያዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ከተወለዱ እስከ ሦስት ወር በየቀኑ ደረጃ የወጡና የወረዱ ቡችሎች ለዳሌ ችግር ይበልጥ ተጋልጠዋል፤ በለስላሳ፣ ወጣ ገባ ባለ መሬት ላይ ተለቅቀው የተጫወቱት ግን አደጋቸው ቀንሷል። በግቢ ሣር ላይ በራሱ ፈቃድ የሚቦርቅ ቡችላ ይጠቀማል፤ አስፋልት ላይ ከሞተር ሳይክል ኋላ የሚሮጥ ወይም ፎቅ ሲወጣና ሲወርድ የሚውል ይጎዳል።

«የሰው ማስታገሻ ለውሻም ይሆናል»

ቤት ውስጥ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አይጠፋም፤ ውሻው ሲያነክስ ግማሽ ክኒን በሥጋ ጠቅልሎ መስጠትም የተለመደ ነው። የውሻ ሰውነት እነዚህን መድኃኒቶች የሚያስወግደው ከሰው በተለየ መንገድ ስለሆነ ለሰው ቀላል የሆነው መጠን የውሻን ጨጓራ ሊያቆስልና ሊበሳ፣ ኩላሊቱንም ሊያቆም ይችላል። ፓራሲታሞልም ሲበዛ ጉበቱን ይመታል፤ ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙንም ይቀንሳል። «ሐኪሙም የሚያዘው ከዚሁ ቤተሰብ አይደለም ወይ?» ቢባል፣ አዎ፤ ካርፕሮፌንና ሜሎክሲካም የዚያው ቤተሰብ ናቸው፤ ነገር ግን በውሻ ላይ ተፈትነው፣ በኪሎ ተመጥነው የሚሰጡ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ እያስመለሰው ላለ ወይም ፈሳሽ ላጠረው ቡችላ አደገኛ ናቸው። ከዚህ ሌላ ሕመሙ የደበዘዘለት ቡችላ በተጎዳው እግሩ ይዘላል፤ ባለቤቱም «ዳነ» ብሎ ምርመራውን ይተወዋል።

«መርዝ አብልተውት ነው»

ደህና የዋለ ቡችላ አድሮ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ሲይዘው የመጀመሪያው ጥርጣሬ ጎረቤት ላይ ያርፋል። መርዝ የሚያበላ ሰው የለም ማለት አይቻልም፤ ሆኖም እንደ ስትሪክኒን ያሉት መርዞች በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ መንቀጥቀጥና መገታተር ያመጣሉ። ማስመለስ፣ ምግብ መተው፣ ድካም፣ ከዚያም መጥፎ ሽታ ያለው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ክትባቱን ባልጨረሰ ቡችላ ላይ በተከታታይ ሲታዩ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ፓርቮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ገደማ በዓለም ዙሪያ የታወቀው ይህ ቫይረስ የሚባዛው በፍጥነት በሚከፋፈሉ ሕዋሳት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የሚያጠቃው በማደግ ላይ ያለን ሰውነት አንጀትና መቅኒ ነው። ወጣትነት ይጠብቀዋል ያልነው ቡችላ ለቫይረሱ የተመቸው በወጣትነቱ ነው። ወተት ቫይረሱንም መርዙንም አያረክስም፤ የቆሰለ አንጀትን ያባብሳል። እንደ መድኃኒት የሚሰጥ ነጭ ሽንኩርትም ሲበዛ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰብራል።

«ከግቢ አይወጣም፤ አንዴም ተከትቧል» የሚለው መከራከሪያም አያዋጣም። ቫይረሱ በጫማ ይገባል፤ አፈር ላይም ለወራት ይቆያል፤ ወለሉን በውሃ ማጠብ ብቻውን አያጠፋውም፤ በውሃ የቀጠነ በረኪና ያስፈልጋል። አንድ ክትባት የማይበቃው ደግሞ ቡችላው ከእናቱ የወረሰው መከላከያ ክትባቱንም ስለሚያከሽፈው ነው። ያ መከላከያ የሚጠፋበት ቀን ከቡችላ ቡችላ ይለያያል፤ ስለዚህም ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ተጀምሮ 16 ሳምንት እስኪሞላው ወይም እስኪያልፈው በየሦስት በየአራት ሳምንቱ ይደገማል።

«አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰክቶበት ነው»

ከሁሉ የከፋው ስህተት በሰው ሕይወት የሚያስከፍለው ነው። መንጋጋው ተንጠልጥሎ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው ወይም የኋላ እግሩ ድንገት የከዳው ያልተከተበ ውሻ በእብድ ውሻ በሽታ ተይዞ ሊሆን ይችላል። በሽታው ሁልጊዜ በመናከስ አይጀምርም፤ ሽባ የሚያደርግ መልክም አለው፤ ቡችላም ይይዛል። አጥንት ለማውጣት እጅን አፉ ውስጥ መክተት ለሞት ሊዳርግ ይችላል። የተነከሰ ወይም ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው ቦታውን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በኢትዮጵያ ዛሬም ሰው ለሚገድለው ለዚህ በሽታ ውሻው ከሦስት ወር ዕድሜው ጀምሮ መከተብ አለበት።

የመጨረሻው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ «ሐኪም ዘንድ መመላለስ ለባለጸጋ ነው» የሚል። ማስረጃው ግን ለባለ አነስተኛ ገቢም መንገድ ያሳያል። በአሜሪካ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ፓርቮ የያዛቸውን ቡችሎች በሁለት ከፍለው አነጻጽረዋል፤ ተኝተው ከታከሙት 90 በመቶ ያህሉ ሲድኑ፣ መጀመሪያ ጉሉኮስ ተሰጥቷቸው ከዚያ ከቆዳ ሥር በሚሰጥ ፈሳሽና በመርፌ በቀላል ወጪ ከታከሙት ደግሞ 80 በመቶ ያህሉ ድነዋል። ካልታከሙት ግን አብዛኞቹ ይሞታሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው ቶሎ መጀመር ነው፤ ቶሎ ለመጀመር ደግሞ ቤት ውስጥ የሚታይ ነገር አለ። የተከተበና ጠባዩ ያልተለወጠ ቡችላ ከሆነ የላይኛውን ከንፈር ገለጥ አድርጋችሁ ድዱን በጣት ጫን አድርጉ። የነጣው ቦታ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝነቱ ካልተመለሰ፣ ድዱ ከገረጣ ወይም ከደረቀ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ደም ከታየ፣ ሆዱ ተነፍቶ ማስመለስ ፈልጎ ምንም ካልወጣው ነገን አትጠብቁ። ማነከስ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሩጫና ደረጃ ከልክሉት፣ የሰው ክኒን አትስጡት፣ በዚያው ሳምንት አስመርምሩት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ ቡችላ በራሱ የሚያልፍለትን ሕመም ከማያልፍለት የምትለዩት አስመርምራችሁት እንጂ ጠብቃችሁት አይደለም።